በእጅ የተገኘ፣ በልብ የታወቀ

ነገሩ የጀመረው በጥይት ነው። በ1857 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያን ጊዜ ህንድን ይገዛ በነበረው በእንግሊዞች የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ጦር ውስጥ ላደሩ ህንዳውያን ወታደሮች ኤንፊልድ የሚባል አዲስ ጠመንጃ መጣላቸው። ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ስለነበር ወታደሩ ከማጉረሱ በፊት ጫፉን በጥርሱ ነክሶ መቅደድ ነበረበት። ወረቀቱ የተቀባው ቅባት ከላምና ከአሳማ ሞራ ነው የሚል ወሬ በየጦር ሰፈሩ ተዛመተ። ለሂንዱው ላም የተከበረች ናት፤ ለሙስሊሙ አሳማ እርም ነው። ሜይ 10 ቀን ሚሩት በምትባለው ከተማ ወታደሮቹ አመፁ፤ ከዚያም ወደ ዴልሂ ተመሙ። እንግሊዞች አመፁን አፍነው አገሩን መልሰው እስኪይዙ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ደም ፈሰሰ።

ከአመፁ በኋላ ኩባንያው ቀርቶ የእንግሊዝ ዘውድ ህንድን በቀጥታ መግዛት ጀመረ። ገዢዎቹ ግን ዳግመኛ በሰላም አልተኙም። በ1857 እና በ1860 የወጡት ሕጎች ዓላማቸው ሕዝቡን መሣሪያ ማስፈታት ነበር። በ1878 እንደራሴው ሎርድ ሊተን የቀደሙትን ሕጎች ያጠቃለለ አንድ የጦር መሣሪያ ሕግ አወጣ። ይኸው ሰው በዚያው ዓመት በአገሬው ቋንቋ የሚታተሙ ጋዜጦችን አፍ የሚዘጋ ሌላ ሕግ አውጥቷል። የመሣሪያው ሕግ አውሮፓዊውን አይነካም ነበር። ህንዳዊው ግን ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ ጠመንጃ እንኳ ቤቱ ለማኖር የመንግሥት ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። በደቡብ በኩርግ ተራሮች እንደሚኖሩት ኮዳቫዎች ያሉ ጥቂት ሕዝቦች ብቻ ነፃ ተደርገዋል፤ የኮዳቫዎቹ ነፃነት ዛሬም ድረስ በሥራ ላይ ነው።

የዚያን ሕግ አጻጻፍ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ የተወለደው ከእሱ ነውና። ያለ ፈቃድ መሣሪያ በይዞታው ወይም በቁጥጥሩ ሥር የተገኘ ሰው እስከ 3 ዓመት ይታሰራል ይላል። ሰውዬው መሣሪያው እዚያ መኖሩን ያውቅ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። የኛ አገር የሕግ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት እንደሚማረው ወንጀል ግዙፋዊ ፍሬ ነገርም ሞራላዊ ፍሬ ነገርም ያስፈልገዋል፤ እጅ ሲያደርግ ልብ መኖር አለበት። የ1878ቱ ሕግ ስለ እጅ ተናግሮ ስለ ልብ ዝም አለ። ከፍርሃት የተጻፈ ሕግ ነውና አያስገርምም፤ የፈራ ገዢ ከሁሉ በፊት የሚያሳስበው መሣሪያው የት እንዳለ ነው፤ የያዘው ሰው በልቡ ያሰበው ለእሱ ሁለተኛ ነገር ነው።

ዝምታው ምን ያህል አደገኛ እንደነበር ለመረዳት የህንድን ቤት ማየት ይበቃል። አባት፣ ያገቡ ወንዶች ልጆች፣ ምራቶች፣ ያላገቡ እኅቶች፣ አንዳንዴም አጎትና የአጎት ልጆች በአንድ ግቢ፣ በአንድ ማድ ቤት፣ በአንድ ጎተራ ይኖራሉ። ከጎተራው ወለል ሥር ሽጉጥ ቢገኝ የማን ነው? የቤቱ ራስ የሆኑት ሽማግሌ? ጎረምሳው የልጅ ልጅ? ወይስ ትናንት ተድራ የመጣችው ሙሽራ? በይዞታው የተገኘ የሚለውን ቃል ቃል በቃል የሚወስድ ፖሊስ ሁሉንም አስሮ መሄድ ይችላል።

በ1908 ካልካታ ላይ ይህ ጥያቄ በመላው ዓለም ፊት ቆመ። ኤፕሪል 30 ቀን ሙዛፋርፑር ከተማ ውስጥ ለአንድ እንግሊዛዊ ዳኛ የታሰበ ቦምብ ባልታሰበ ሠረገላ ላይ ወድቆ ሁለት እንግሊዛውያን ሴቶችን ገደለ። ከሁለት ቀን በኋላ ፖሊስ ማኒክቶላ በሚባለው የካልካታ ሰፈር የሚገኝ አንድ የአትክልት ግቢ ከብቦ መሬቱን ቆፈረ፤ መሣሪያና የፈንጂ ዕቃዎችም ወጡ። ግቢው የጎሽ ወንድማማቾች የጋራ ንብረት ነበር። እዚያ ወጣቶችን ሰብስቦ የሚያሠለጥነው ታናሽየው ባሪን ነው። ታላቁ አውሮቢንዶ ጎሽ ግን የሚኖረው ሌላ ቤት ነው፤ ጋዜጣ የሚያዘጋጅ፣ ካምብሪጅ የተማረ፣ በኋላም በመንፈሳዊ ፍልስፍናው የታወቀ ሰው ነበር። እሱም ከመኝታው ተነሥቶ ታሰረ።

ክሱ መሣሪያ ይዞ መገኘት ብቻ አልነበረም፤ በንጉሡ ላይ ጦር ማንሣት የሚል ነበር። ቢሆንም የክርክሩ ልብ ያው ነው፦ ባለ ድርሻ በሆንክበት መሬት ውስጥ የተቀበረውን ነገር ታውቅ ነበር ወይ? ጠበቃው ቺታራንጃን ዳስ ለወራት ቆመው ተሟገቱለት። ሜይ 6 ቀን 1909 ዳኛ ቢችክሮፍት አውሮቢንዶን በነፃ አሰናበቱት። ባሪን ሞት ተፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ ዕድሜ ልክ ግዞት ተለወጠለትና ወደ አንዳማን ደሴቶች ተላከ። አንድ አባት የወለዳቸው፣ አንድ ግቢ የሚጋሩ ሁለት ወንድማማቾች፤ አንዱ ነፃ፣ ሌላው ግዞተኛ። ንብረቱ ለሁለቱም እኩል ነበር፤ የለያቸው በማስረጃ የተረጋገጠው ነገር ነው።

ህንዳውያኑ የ1878ቱን ሕግ የጠሉበት ዋና ምክንያት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ውርደቱ ነበር ያቃጠላቸው። በ1918 ማህተማ ጋንዲ በኬዳ አውራጃ ለእንግሊዝ ጦር ወታደር ሲመለምሉ በበተኑት ጽሑፍ፣ እንግሊዝ በህንድ ላይ ከሠራችው ክፉ ሥራ ሁሉ ታሪክ የከፋ ብሎ የሚመዘግበው ሕዝቡን መሣሪያ የነፈገውን ሕግ ነው ብለው ጻፉ። ዓመፅን አጥብቀው የሚቃወሙ ሰው ይህን መጻፋቸው ብዙዎችን ያስደንቃል። እኔ ግን ከአኗኗራቸው ጋር የሚጋጭ አይመስለኝም። መሣሪያን በፈቃድ መተውና በግዴታ መገፈፍ አንድ አይደለምና። በ1931 የኮንግረስ ፓርቲ ካራቺ ላይ ተሰብስቦ የወደፊቷን ህንድ መብቶች ሲዘረዝር፣ በወጣው ደንብ መሠረት መሣሪያ የመያዝን መብት ከዝርዝሩ ውስጥ አስገባው።

ነፃነት ሲመጣ ግን ሐሳቡ ተለወጠ። በ1948 መጨረሻ ሕገ መንግሥቱን የሚያረቀው ጉባኤ ውስጥ ካማት የሚባሉት አባል ይህ መብት በሕገ መንግሥቱ እንዲጻፍ ጠየቁ፤ የአርቃቂው ኮሚቴ ሰብሳቢ አምቤድካር ተቃወሙ፤ ሐሳቡም ወደቀ። አገሪቱ ህንድና ፓኪስታን ከተለያዩበት የክፍፍል እልቂት ገና አልወጣችም ነበር፤ በየመንደሩ መሣሪያ እንዲበዛ የሚፈልግ መሪ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ የሎርድ ሊተን ሕግ ከነፃነት በኋላም ከ10 ዓመት በላይ ሲሠራ ቆየ።

አዲሱ የጦር መሣሪያ ሕግ የወጣው በ1959፣ በሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ኦክቶበር 1 ቀን 1962 ነው። የዘር ልዩነቱ ከሕጉ ተፋቀ። አንቀጽ 3 ፈቃድን ግዴታ አደረገ፤ አንቀጽ 25 ቅጣቱን ዘረዘረ። ስለ ይዞታ ሲናገር አሁንም እያወቀ የሚል ቃል አልጨመረም። አንድ ቦታ ላይ ግን የሕግ አውጪው ጆሮ የሰማ ይመስላል። አንቀጽ 35 ብዙ ሰዎች በጋራ በሚኖሩበት ቤት ወይም በጋራ በሚጠቀሙበት ተሽከርካሪ ውስጥ መሣሪያ ሲገኝ፣ ተጠያቂ የሚሆነው መሣሪያው መኖሩን ያውቅ ነበር ብሎ ለማመን ምክንያት ያለበት ሰው ነው አለ። ለዚያች አዲስ ሙሽራ በሕግ የተከፈተች የመጀመሪያዋ በር ይህች ናት። ብቻውን ለሚኖር ወይም ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ግን በሩ ገና እንደተዘጋ ነበር።

በሩን የከፈቱት ዳኞች ናቸው። ግማሹ ቁልፍ የመጣው ከለንደን ነው፤ በ1968 በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት ዋርነር ተብሎ የሚታወቀውን ጉዳይ ወሰነ። ሰውዬው ወለል አንጣፊ ሆኖ በትርፍ ጊዜው ሽቶ ይሸጣል። ከአንድ ካፌ ሁለት ሣጥን ተቀብሎ ሲሄድ ፖሊስ አስቆመው፤ አንደኛው ውስጥ ሽቶ፣ ሁለተኛው ውስጥ 20,000 የአምፌታሚን እንክብሎች ተገኙ። ሁለቱም ሽቶ መስሎኝ ነበር አለ። ዳኞቹ በምክንያት ተለያዩ፤ በመጨረሻም ጥፋተኝነቱን አጸኑበት። ነገር ግን እግረ መንገዳቸውን አንድ ትልቅ ነገር ተናገሩ፦ ይዞታ የሚባለው ቃል ራሱ በውስጡ የተወሰነ ዕውቀት አለው፤ ሰው ሳያውቅ ኪሱ ውስጥ የተጨመረበትን ነገር ይዟል ሊባል አይችልም። ሰውዬው ተሸነፈ፤ ከሽንፈቱ የወጣው ሐሳብ ግን ባሕር ተሻግሮ ህንድ ገባ። ይህን ነገር ወደፊትም ደጋግመን እናገኘዋለን።

በ1972 የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጉንዋንትላልን ጉዳይ ከማድያ ፕራዴሽ ክልል ተቀበለ። መሣሪያው የተገኘው በተከሳሹ እጅ ሳይሆን በሌላ ሰው ዘንድ ነበር። ታዲያ እኔ እንዴት ያዝክ ተብዬ እከሰሳለሁ? ክሱ ይሰረዝልኝ አለ። ዳኛ ጃጋንሞሃን ሬዲ የሰጡት መልስ ዛሬ በህንድ ፍርድ ቤቶች ሁሉ ይጠቀሳል። ይዞታ ሁለት ነገር ይፈልጋል አሉ። አንደኛ፣ ተከሳሹ መያዙን ማወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ መሣሪያው በአካል እሱ ዘንድ ከሌለ፣ በሌላ ሰው እጅ ቢሆንም እንኳ የማዘዝ ሥልጣኑ ከእሱ አለመውጣቱ መታየት አለበት። ሽጉጡን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ መንገድ የወጣ ሰው፣ ባሻው ጊዜ መልስልኝ ማለት እስከቻለ ድረስ ሽጉጡ አሁንም የእሱ ነው። በአንጻሩ ጎረቤትየው የተሰጠው ከረጢት ውስጥ ምን እንዳለ ካላወቀ፣ እጁ ላይ ያለው ከረጢቱ ብቻ ነው።

ይግባኝ ባዩ ተሸነፈ፤ ክሱም ቀጠለበት። ፍርዱ ግን ማወቅን በጦር መሣሪያ ሕጉ ውስጥ ተከለ። ዐቃቤ ሕግ ከዚያ በኋላ መሣሪያው እዚህ ተገኘ ብሎ መቀመጥ አይበቃውም፤ ሰውየው ያውቅ እንደነበርም ማሳየት ይጠበቅበታል። በ1979 ዳኛ ሳርካሪያ በምዕራብ ቤንጋል ጉዳይ ላይ ሐሳቡን አሰፉት፤ ይዞታ እንደየሁኔታው መልኩን የሚለዋውጥ ቃል ነውና ለሁሉም የሚሆን አንድ ትርጉም ሊበጅለት አይችልም፤ በየጉዳዩ ፍሬ ነገር መመዘን አለበት አሉ።

ከዚያ ዘመኑ ጨለመ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ በ1984 በገዛ ጠባቂዎቻቸው ተገደሉ፤ ፑንጃብ በእሳት ተያያዘ። በ1985፣ ከዚያም በተሻሻለ መልኩ በ1987፣ ታዳ በሚል ምሕጻረ ቃል የታወቀው የፀረ ሽብር ሕግ ወጣ። አንቀጽ 5 መንግሥት ለይቶ ባወጀው አካባቢ ያለ ፈቃድ የተወሰኑ መሣሪያዎችን ይዞ የተገኘን ሰው ከ5 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ይቀጣ ነበር። አሁንም እያወቀ የሚል ቃል አልነበረበትም። የሎርድ ሊተን ፍርሃት በነፃዋ አገር ሌላ ልብስ ለብሶ ተመለሰ።

ዲሴምበር 6 ቀን 1992 አዮድያ የሚገኘው የባብሪ መስጊድ ፈረሰ። ቦምቤይ፣ የዛሬዋ ሙምባይ፣ በሃይማኖት ግጭት ታመሰች፤ ብዙ መቶ ሰዎች ሞቱ። ማርች 12 ቀን 1993 ደግሞ በከተማዋ ተከታታይ ቦምቦች ፈንድተው 257 ሰው ገደሉ፤ ከ700 በላይ አቆሰሉ። ምርመራው ሲገፋ ማንም ያልጠበቀው ስም ወጣ፦ የፊልም ተዋናዩ ሳንጄይ ዱት።

በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው ወላጆቹን ያውቃቸዋል። እናቱ ናርጊስ በ1957 በወጣው ማዘር ኢንዲያ ፊልም ላይ ያችን መከረኛ እናት ሆና የተጫወተችው ናት፤ አባቱ ሱኒል ዱት በዚያው ፊልም ከልጆቿ አንዱን ሆኖ ተጫውቷል፤ በኋላም የኮንግረስ ፓርቲ የፓርላማ አባል ሆነ። አባትየው በግጭቱ የተጎዱ ሙስሊሞችን በመርዳቱ ዛቻ ይደርስበት ነበር። ልጁ በጃንዋሪ 1993 ኤኬ 56 ጠመንጃ ከተቀበሉ ሰዎች አንዱ ሆነ። ቤተሰቤን ለመጠበቅ ነው አለ። ጠመንጃውን የሰጡት ግን በኋላ በፍንዳታው ሴራ የተከሰሱ ሰዎች ነበሩ። ለፊልም ሥራ ሞሪሸስ ሳለ ነገሩ መሰማቱን ሲያውቅ ጠመንጃው እንዲጠፋ ወዳጁን በስልክ ጠየቀ። ኤፕሪል 19 ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘ።

ሴፕቴምበር 9 ቀን 1994 አምስት ዳኞች ያሉት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥታዊ ችሎት የታዳን አንቀጽ 5 ተረጎመ። ዳኛ ቬርማ በጻፉት ፍርድ፣ ይዞታ የሚለው ቃል እያወቀ የሚል ቅጽል ባይቀድመውም ትርጉሙ አውቆ መያዝ ነው፤ ምንነቱን ሳይረዱ ዝም ብሎ በእጅ ማኖር አይደለም ተባለ። ለዚህ ማስረጃ ከጠቀሷቸው ፍርዶች አንዱ የዚያ የሽቶ ሻጩ የዋርነር ጉዳይ ነው። ፍርዱ ሌላም ነገር አከለ፦ መሣሪያ መያዙ የተረጋገጠበት ሰው ከሽብር ጋር እንደተያያዘ ይገመታል፤ ግን ይህን ግምት የማፍረስ መብት አለው፤ ካፈረሰው የሚቀጣው በተራው የጦር መሣሪያ ሕግ ነው።

ይህ ፍርድ ለሳንጄይ ዱት ምን ፈየደ? የመጀመሪያው ክፍል ምንም አልፈየደለትም። ጠመንጃው ቤቱ መኖሩን ያውቅ ነበር፤ ያወቀ ሰው አላወቅሁም ብሎ አይድንም። የሁለተኛው ክፍል ፍሬ ግን ዘግይቶ ደረሰው። ኖቬምበር 28 ቀን 2006 ልዩ ፍርድ ቤቱ ከሽብር ክሱ ነፃ አውጥቶ በጦር መሣሪያ ሕጉ ብቻ ጥፋተኛ አለው፤ ጁላይ 31 ቀን 2007 ዳኛ ኮዴ 6 ዓመት ፈረዱበት። ማርች 21 ቀን 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ 5 ዓመት ዝቅ አደረገለት። ቀደም ሲል 18 ወር ታስሮ ስለነበር የቀረውን ለመጨረስ በዚያው ዓመት እጁን ሰጠ፤ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2016 ፑኔ ከሚገኘው የዬርዋዳ እስር ቤት ወጣ። የዝነኛው ሰው ታሪክ እዚህ ያበቃል። በስሙ የሚጠራው ፍርድ ግን ከእሱ ጋር አብሮ እስር ቤት አልገባም፤ ስማቸውን ማንም የማያውቃቸውን ሰዎች እየረዳ ቀጠለ።

እነዚህ ሰዎች የሚገኙት አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ተጓዡ ሻንጣውን በፍተሻ ማሽኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ምስሉ ላይ ትንሽ ብረት ይታያል፤ ሻንጣው ሲበረበር ከኪሱ ጥግ አንዲት ጥይት ትወጣለች። ሽጉጥ የለም፤ ሌላ ጥይት የለም። ፖሊስ ግን አንቀጽ 25ን ጠቅሶ መዝገብ ይከፍታል። ሰውየው በረራው ያመልጠዋል፤ የውጭ አገር ሰው ከሆነም ባዕድ አገር ሆኖ ቀጠሮ ይጠብቃል። የሚሰጡት ምክንያት በአብዛኛው ይመሳሰላል፦ ሻንጣው የወንድሜ ነው፤ አባቴ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ አለው፤ ቸኩዬ ያገኘሁትን ሻንጣ ይዤ ወጣሁ።

ብዙዎቹ መዝገቡ እንዲዘጋላቸው ወደ ዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመለከቱ። አንዳንድ ጠበቆች አንዲት ጥይት ብቻዋን ምንም አትሠራምና በአንቀጽ 45 ከሕጉ ነፃ ከተደረጉት ጥቃቅን ክፍሎች ትቆጠር ብለው ተከራከሩ፤ በ2012 ፍርድ ቤቱ በአንድ የውጭ አገር ዜጋ ጉዳይ ይህን ክርክር ተቀብሎት ነበር። ለእኔ ግን ጽኑው መንገድ ሌላው ነው፤ የ1972ቱና የ1994ቱ ፍርዶች የከፈቱት። በ2014 እና በ2020 በተሰጡ ውሳኔዎች ዳኞቹ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው ጥይቷ ሻንጣው ውስጥ መኖሯን ያውቅ እንደነበር የሚያሳይ ምን ማስረጃ አለ? መሣሪያ አልተገኘበትም፤ አጠራጣሪ ሁኔታ የለም፤ የጥይቷ አመጣጥም ተብራርቷል። እንግዲያው አውቆ መያዝ የለም፤ መዝገቡ ይዘጋ። እንዲህ እየተባለ ብዙዎች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እስኪመለሱ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት አለፉባቸው። ለሕክምናና ለትምህርት ከአዲስ አበባ ወደ ዴልሂና ወደ ሙምባይ የሚበርረው ወገናችን ብዙ ነውና፣ ከዘመድ የተዋሰውን ሻንጣ ኪሶች ከመነሣቱ በፊት አንድ በአንድ ቢፈትሽ ከዚህ ሁሉ ይድናል።

የፍርዶቹን መዝገብ ወደ ኋላ ገልጬ ሳይ ልቤን የሚነካው ይህ ነው። ዋርነር ተሸነፈ፤ ጉንዋንትላል ተሸነፈ፤ ሳንጄይ ዱት ታሰረ። ማወቅ የሚለውን ቃል ያስገኙት ሦስቱም ራሳቸው አልዳኑበትም። የዳኑበት የወንድሙን ሻንጣ የተዋሰው ተማሪና የአባቷን ጠመንጃ ነክታ የማታውቅ ልጅ ናቸው።

ፓርላማው የጦር መሣሪያ ሕጉን በዲሴምበር 2019 አሻሻለ። አንድ ሰው በፈቃድ የሚይዘው መሣሪያ ከ3 ወደ 2 ዝቅ አለ። ያለ ፈቃድ ተራ መሣሪያ ወይም ጥይት መያዝ ከ1 እስከ 3 ዓመት የነበረው ቅጣቱ ከ2 እስከ 5 ዓመት ሆነ፤ የተከለከሉ መሣሪያዎችን መያዝ ደግሞ ከ5 እስከ 10 የነበረው ከ7 እስከ 14 ዓመት ደረሰ። ያለ ፈቃድ መያዝን የሚቀጣው ድንጋጌ ግን እያወቀ የሚል ቃል አልተጨመረበትም። ቃሉ ዛሬም ያለው በዳኞች ፍርድ ውስጥ ነው።